ጭምብል ያጠለቀው የበርሊን ራፕ፦ ስለ አግሮ በርሊንና ስለ ዚዶ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስሞቹን ደግሞ በጀርመንኛ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ።

አግሮ በርሊን ምንድን ነው? ባንድ ነው ወይስ ኩባንያ?

ኩባንያ ነው፤ አኗኗሩ ግን የቡድን ነበር። ስፔክተር፣ ሽፓይሸና ሃሊል የሚባሉ ሦስት ሰዎች በ2001 መጀመሪያ ላይ በርሊን ውስጥ ያቋቋሙት የሙዚቃ ሌብል፣ ማለትም አልበም አሳታሚ ኩባንያ ነው። ስፔክተር ከግራፊቲ (ከግድግዳ ላይ ሥዕል) እና ከግራፊክስ ዓለም የመጣ ሰው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጭምብሉም ሆነ አርማው ያለ እሷ አይገባም።

መጀመሪያ የፈረሙት ራፐሮች ዚዶና ቢ-ታይት ናቸው። ቡሺዶ ተከተላቸው። ከዚያ ፍለርና ቶኒ ዲ፣ ኋላ ላይ ደግሞ ኪቲ ካት መጡ። አንዱ በሌላው አልበም ላይ ይገባ ነበር። በየጊዜውም ሁሉም የሚሳተፉበት «አግሮ አንዛገ» የተባለ የጋራ ሲዲ ያወጡ ነበር። አርማቸው የክብ መጋዝ ምላጭ ነው። ሲዲው ላይ፣ ቲሸርቱ ላይ፣ ስቲከሩ ላይ ያው ምላጭ አለ።

ዲ ዜክተ የሚባለውስ?

እሱ ከሌብሉ ይቀድማል። ዚዶና ቢ-ታይት በሰሜን በርሊን፣ ሜርኪሸስ ፊርተል በተባለ ሰፈር የተገናኙ ጓደኛሞች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሮያል ቲኤስ በሚል ስም ለሁለት ይሠሩ ነበር። ሌሎች ጓደኞች እየተጨመሩ ሲሄዱ ስብስቡ ዲ ዜክተ ተባለ። አግሮ በርሊን ሲመጣ ከዚህ ጀማ ሁለቱን ይዞ ነው የተነሳው። ስለዚህ ጓደኝነቱ ዲ ዜክተ፣ ውሉና ሥራው አግሮ በርሊን ነው ብላችሁ ብትይዙት አትሳሳቱም።

ሁሉም ጭምብል ያደርጉ ነበር?

አያደርጉም። በአግሮ በርሊን ጭምብል መለያው የሆነው ዚዶ ብቻ ነው። ቡሺዶም፣ ፍለርም፣ ቢ-ታይትም ፊታቸውን አሳይተው ነው የሠሩት። የዚዶ ጭምብል ግን በጣም ስለገነነ ሰው የሌብሉ ሁሉ ምልክት አድርጎ ወሰደው። «ያ ጭምብል የሚያደርጉት ልጆች» እየተባለ የሚወራውም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጭምብሉ ምን ይመስላል? ለምንስ አደረገው?

የራስ ቅል ነው። ብርማ ቀለም አለው፤ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ላይኛው የጥርስ ረድፍ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች የራሱ የዚዶ አፍና አገጭ ይታያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አፉ የታፈነ ራፐር መድረክ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ስታዩት ከላይ የሞተ፣ ከታች የሚያወራ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳየው የያዘኝ ይኸው ነው።

ለምን አደረገው ለሚለው ብዙ ታሪክ ይነገራል። እኔን የሚያሳምነኝ ሥራው ራሱ የሚያሳየው ምክንያት ነው። በ2001 እነዚህን ልጆች የሚያጫውት ሬዲዮ አልነበረም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ እነሱ ዞር ብለው አያዩም። ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብም የለም። ኮፍያ ያደረገ የበርሊን ወጣት ፎቶ ደግሞ በየሲዲ መደብሩ ሞልቷል፤ አንዱን ካንዱ መለየት ያዳግታል። ከመንገድ ማዶ ሆነህ የምታውቀው፣ አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ደብተሩ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ሊስለው የሚችል ምስል ያስፈልጋቸው ነበር። የራስ ቅል ይሳላል። የመጋዝ ምላጭም ይሳላል። ግራፊቲ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግድግዳ ላይ በችኮላ የሚቀር ምልክት ቀላል መሆን አለበት።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኒውዮርክ ያደገው ራፐር ኤምኤፍ ዱም በ1999 በብረት ጭምብል አልበም አውጥቶ ነበር። ዉ-ታንግ ክላን የተባለው የአሜሪካ የራፕ ቡድን ልጆችም በ1993ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ ፊታቸውን ሸፍነው ነው የታዩት። የበርሊኖቹ ፈጠራ ጭምብሉን መፈልሰፍ ሳይሆን፣ ሙዚቃ ከመሰማቱ በፊት የሚታወቅ መለያ ማድረጋቸው ነው።

ከእነሱ በፊት የጀርመን ራፕ ምን ይመስል ነበር?

ሰፊ ነበር፤ ማዕከሉ ግን በርሊን አልነበረም። በ1992 የሽቱትጋርቶቹ ዲ ፋንታስቲሸን ፊር በቀልደኛ የፍቅር ዘፈን በጀርመንኛ ራፕ ቻርት ውስጥ መግባት እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት ከሃይደልበርግ የመጡት አድቫንስድ ኬሚስትሪ ጀርመን ተወልደው የጀርመን ፓስፖርት ይዘው እንደ ባዕድ ስለሚታዩ ልጆች ዘፈኑ። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። ያ ዓመት አሁንም ድረስ ያከራክራል።

ከዚያ በኋላ ሐምቡርግና ሽቱትጋርት ሜዳውን ያዙት። ቃላት መጫወት፣ ቀልድ፣ ጨዋ የፖለቲካ ሐሳብ ይበዛ ነበር። አሪፍ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ኪራይ የጎደለው፣ ትምህርት ያቋረጠ፣ አደገኛ ዕፅ የሚሸጥ ጎረቤት ያለው ልጅ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ራሱን አያገኝም ነበር። በርሊን የገባችው በዚህ ክፍተት ነው።

አንደርግራውንድ ሲባል ምን ማለት ነው? በካሴት ነው የጀመሩት?

ከትልልቅ ኩባንያዎችና ከሬዲዮ ውጭ በራስ አቅም መሥራት ማለት ነው። አዎ፣ የጀመሩት በካሴት ነው። ቤት ውስጥ ይቀረጻል፣ ይባዛል፣ ሽፋኑ በፎቶኮፒ ይሠራል፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማርኩስ ሽታይገር የሚባል ሰው በክሮይትስበርግ ሰፈር ሮያል ቡንከር የተባለ ቦታ ነበረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆቹ እዚያ ተሰብስበው ማይክ እየተቀባበሉ በፍሪስታይል (ሳይጻፍ እዚያው በሚፈጠር ራፕ) ይፋለሙ ነበር። ኋላ ላይ ሮያል ቡንከር ራሱ ሌብል ሆነ።

የዚያን ዘመን ንጉሥ ስም ጥራ ብባል ኩል ሳቫሽ ነው የምለው። ከታክትሎስ ጋር ሆኖ ቬስትበርሊን ማስኩሊን በሚል ስም የሠራው ሥራ የበርሊንን ራፕ ቃና ወሰነ። ፈጣን፣ ጨካኝ፣ ተሳዳቢ ነበር። ዚዶና ቢ-ታይትም ከዚህ ትምህርት ቤት ነው የወጡት። ቦታው የጦርነት ሜዳ ይመስላል፤ ግን ያ ፉክክር ነው ምላሳቸውን የሳለው። ከጭምብሉ ስር ያለው ሰው ራፕ ባይችል ኖሮ የራስ ቅሉ በሁለተኛው ወር ይረሳ ነበር።

ሀገር ያወቃቸው መቼ ነው?

በ2004። ዚዶ «ማስከ» የተባለውን የመጀመሪያ ብቸኛ አልበሙን ያወጣው ያኔ ነው፤ ትርጉሙም ጭምብል ማለት ነው። በጀርመን የአልበም ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ፤ የጎልድ ሽልማትም አገኘ። ለአንድ ገለልተኛ ሌብል ይህ ትልቅ ነገር ነው። በር የከፈተው ግን አልበሙ ሳይሆን «ማይን ብሎክ»፣ ማለትም «የእኔ ብሎክ» የተባለው ነጠላ ዜማ ነው።

ዘፈኑን በደንብ ማየት ይገባል። ዚዶ አድማጩን ና መኪናው ውስጥ ግባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ይወስደዋል፤ ረጅሙ ሕንፃ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወጣ ጎረቤቶቹን ያስተዋውቀዋል። እዚህ ፎቅ ላይ እገሌ አለ፣ እዚያ እገሊት አለች፣ ያኛው እንዲህ ያደርጋል። አብዛኛው ነገር ነውር ነው፤ ዕፅ፣ ወሲብ፣ ጠብ። ግን ዘፈኑ ውስጥ ንቀት የለም። ሰውየው የሚኮራበትን ቤቱን ነው የሚያስጎበኘው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይህ ሰፈሬ ነው፣ ይህ ሕይወቴ ነው ይላል፤ ሲለውም እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በክሊፑ ላይ የሚሰማው ከአልበሙ ቅጂ የተለየ ሪሚክስ ነው። ቤትሆቨንዝ የተባሉ ፕሮዲዩሰሮች የሠሩት ነው። የአልበሙ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው፤ የክሊፑ ግን ሞቅ ይላል። ሙዚቃ ጣቢያዎቹ የተቀበሉት ሁለተኛውን ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ አንድ የጓዳ ሙዚቃ እንዴት ወደ ሳሎን እንደገባ በጆሯችሁ ትለዩታላችሁ።

ሜርኪሸስ ፊርተል እውነት እንደተዘፈነው ነው?

ሰፈሩ እውነተኛ ነው፤ ዘፈኑ ያጋንናል። ከ1963 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ውስጥ በምዕራብ በርሊን ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ከተማዋን ለሁለት ከከፈለው የበርሊን ግንብ አጠገብ የተሠራ ግዙፍ የመኖሪያ መንደር ነው። ወደ 17,000 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። ከመሀል ከተማ ያረጁ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደዚያ ተዛወረ። አዲስ አበባ ውስጥ የልደታ ወይም የአራት ኪሎ ሰፈሩ ፈርሶበት ከተማ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቤቱ መብራትና ውኃ አለው፤ የለመደው ጉርብትና ግን የለም። እንደ አዲስ መፍጠር ነው።

ዛሬ ብትሄዱ ፊልም ላይ የምታዩትን ዓይነት ጌቶ (የድሆች ሰፈር) አታገኙም። ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ዛፉ ብዙ ነው። አሮጊቶች ገበያቸውን ይዘው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ድሮም እንዲያ ነበር። ዘፈኑ የመረጠው የሚያስደነግጠውን ገጽ ነው።

ፊቱን ያሳየው መቼ ነው?

በአንድ ምሽት ድንገት አልወለቀም፤ ቀስ እያለ ነው የወለቀው። ለዚህ ከአልበሞቹ ርዕስ የተሻለ ማስረጃ የለም። የ2004ቱ «ጭምብል» ነው። የ2006ቱ «እኔ» ነው። የ2008ቱ ደግሞ «እኔና ጭምብሌ» ነው። ሦስተኛው በቀጥታ 1ኛ ሆነ። በዚህ መሀል ዚዶ ያለ ጭምብል ቴሌቪዥን ላይ መታየት ለምዶ ነበር።

በ2010 ኤምቲቪ አንፕለግድ የተባለውን ኮንሰርት ሲሠራ መድረኩ የሰፈሩን ሕንፃ እንዲመስል ተደርጎ ተዘጋጀ። በ2015 ከዘፋኙ አንድሬያስ ቡራኒ ጋር የሠራው «አስትሮናውት» የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ወጣ። ያ ዘፈን በቤተሰብ ፊት የሚደመጥ፣ ስለ ዓለም ሰቆቃ የሚያወራ ረጋ ያለ ሥራ ነው። ከራስ ቅሉ ወደዚያ አሥር ዓመት ገደማ ነው የፈጀው። አንዳንድ የድሮ አድናቂዎች ከዳን ብለው ተቆጡ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው በ40 ዓመቱ እንደ 20 ዓመቱ ካወራ ነው የሚያሳዝነው።

ታዲያ ከጭምብሉ ስር የደበቀው ነገር ነበር?

ነበር፤ ግን ፊቱ አልነበረም። ይህ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ ክፍል ነው።

ዚዶ፣ በእውነተኛ ስሙ ፓውል ቩርዲሽ፣ በ1980 የተወለደው በምሥራቅ በርሊን ነው። ልጅ ሳለ፣ ግንቡ ከመፍረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1988፣ ከእናቱ ጋር ወደ ምዕራብ ተሻገረ። መጀመሪያ ቬዲንግ ሰፈር ስደተኞች በሚያርፉበት ቤት ኖሩ፤ ከዚያ ነው ሜርኪሸስ ፊርተል የገቡት። በምዕራብ በርሊን ልጆች መሀል «የምሥራቅ ልጅ» መባል መሳቂያ መሆን ነው። ስለዚህ ደበቀው። የምዕራብ በርሊን ጌቶ ድምፅ ተብሎ በገነነባቸው ዓመታት ሁሉ ከየት እንደመጣ አልተናገረም።

በ2009 «ሃይ ዱ» በተባለ ዘፈን አወጣው። ግንቡ የፈረሰበት 20ኛ ዓመት ነበር። የመጣበትን ከተማ፣ መሻገሩን፣ ለዓመታት ዝም ማለቱን አንድ በአንድ ተረከ። ስደት የሚያውቅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከየት ነህ ሲሉት መልሱን የሚያሳጥር ልጅ ያየ አንባቢ ይህን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ብርማው ጭምብል ለመድረክ ነበር። ይኼኛው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ፊቱ ላይ የኖረ ነው።

ጀርመንኛ ሳላውቅ ከየት ልጀምር?

ከ«ማይን ብሎክ» ክሊፕ ጀምሩ፤ ምስሉ ብዙውን ይነግራችኋል። ቀጥሎ «ሃይ ዱ»ን ስሙ። ከዚያ የ2010ሩን አንፕለግድ ኮንሰርት እዩ፤ በእውነተኛ መሣሪያ ስለተሠራ ለጆሮ ይቀላል፤ አጠራሩም ይለያል። ዚዶ ከጓደኞቹ ይልቅ ቀስ ብሎ፣ እየጎተተ ነው የሚያወራው። ጀርመንኛ ለሚማር ሰው ይህ ጥሩ ነው። ግን ለቀጠሮ የሄዳችሁበት ቢሮ ውስጥ ቃላቱን እንዳትደግሟቸው።

ቡሺዶ ለምን ተለያቸው?

በ2004 ሌብሉን ለቅቆ ወደ ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ዩኒቨርሳል ሄደ፤ የራሱንም ሌብል አቋቋመ። መለያየቱ በሰላም አልነበረም። ለዓመታት በዘፈን ተሰዳደቡ። ገበያውን የጠቀመው ግን ያ ጠብ ነው፤ ጋዜጣው በየሳምንቱ የሚጽፈው አገኘ። በ2011 ዚዶና ቡሺዶ ታርቀው «23» የተባለ አልበም አብረው አወጡ።

ዘፈኖቻቸው በጀርመን ታግደዋል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ጀርመን ውስጥ ለወጣቶች ጎጂ የሆኑ ሥራዎችን የሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። አንድ አልበም በዚያ መዝገብ ውስጥ ከገባ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም፣ ልጆች በሚያዩት ቦታ መደርደርም፣ ማስተዋወቅም አይቻልም። አዋቂ ሰው ግን ገዝቶ መስማት ይችላል። ስለዚህ ሙሉ እገዳ አይደለም። ለሻጭ ግን ከእገዳ ብዙም አይርቅም፤ ትልልቅ መደብሮች እንዲህ ያለ ሲዲ መያዝ አይፈልጉም።

የቡሺዶ የ2003 አልበም «ፎም ቦርድሽታይን ቢስ ትሱር ስካይላይን» እዚያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የዚዶ «ማስከ»ም ስለ ዕፅ በሚያወራ አንድ ዘፈን የተነሳ ገባ፤ ያ ዘፈን ወጥቶ አልበሙ እንደገና ታተመ። ከመዝገቡ መግባት በወጣቱ ዘንድ ክብር ሆኖ መቆጠሩም አልቀረም። መንግሥት ሲከለክል ልጁ ይበልጥ ይፈልጋል። ይህን ሁሉም ወላጅ ያውቃል። ምዝገባው ዘላለማዊ አይደለም፤ ካልታደሰ ከ25 ዓመት በኋላ ይሰረዛል።

ዘረኞች ነበሩ ይባላል። እንዴት ነው ነገሩ?

ይህ ጥያቄ ባብዛኛው የሚመጣው በፍለር ምክንያት ነው። በ2005 አልበሙን ሲያወጣ የጀርመን ንስርና የጥንት የጀርመን ፊደል ተጠቀመ። ማስታወቂያው ደግሞ ሂትለር ፖላንድን ሲወር የተናገረውን ዓረፍተ ነገር የሚያስታውስ ነበር፤ እሱ የጠራውን ሰዓት በሜይ 1 ተክተውት ነው። ጩኸት ተነሳ፤ መነሳቱም ተገቢ ነበር። ፍለር ራሱ አብዛኛው ጓደኛው የስደተኛ ልጅ የሆነ ሰው ነው። ሌብሉም ከመሥራቾቹ ጀምሮ የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ ናዚ ናቸው ማለት ከእውነቱ ይርቃል። ግን ገንዘብ ለማግኘት በዚያ ታሪክ መጫወት አስነዋሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ማስታወቂያ ያየ እውነተኛ ዘረኛ ወጣት ልዩነቱን አይፈልግም።

ሁለተኛው ቢ-ታይት ነው። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ ጀርመናዊት ናቸው። በ2007 ለጥቁር ሰው የሚነገረውን ስድብ ሁለት ጊዜ ደግሞ የአልበሙ ርዕስ አደረገው። እሱ ስድቡን ከተሳዳቢው እጅ ልቀማ ነው ያለው። የጥቁር ጀርመናውያን ማኅበረሰብ ግን ተቃወመ፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ያን ቃል የሚሰማው ቢ-ታይት ሳይሆን የ12 ዓመቱ ልጅ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ቤተሰብ የትኛውን ወገን እንደሚይዝ አልጠራጠርም። እኔም ከልጁ ጋር ነኝ።

በጀርመን ራፕ ውስጥ ከእኛ አካባቢ የመጣ ሰው አለ?

በአግሮ በርሊን ውስጥ አልነበረም። በጀርመን ራፕ ውስጥ ግን ኤርትራውያን ቤተሰብ ያሏቸው ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉ። አፍሮብ ጣልያን ተወልዶ ሽቱትጋርት ያደገ ነው። በ1999 ከፌሪስ ኤምሲ ጋር የሠራው «ራይመሞንስተር» ዛሬም መድረክ ያናውጣል። እሱ ከአግሮ በፊት የነበረው ትውልድ ነው።

ሁለተኛዋ ኑራ ናት። ኩዌት ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ ጀርመን ገብታ ቩፐርታል ያደገች ናት። በርሊን ላይ ከራፐሯ ጁጁ ጋር ኤስኤክስቲኤን የተባለ የሁለት ሴቶች ቡድን መሠረተች። አግሮ ውስጥ ሴት ኪቲ ካት ብቻ ነበረች። ወንዶቹ ሴትን የሚሰድቡበትን ያንኑ ቋንቋ እነ ኑራ ገልብጠው መለሱላቸው። አንጀት ያርሳል።

ሌብሉ ለምን ተዘጋ?

በኤፕሪል 2009 መዘጋቱ ተነገረ። የሲዲ ገበያው በየዓመቱ እየወረደ ነበር፤ አርቲስቶቹም ለብቻቸው መቆም የሚችሉ ሆነው ነበር። ዩቲዩብ ላይ አግሮ ቲቪ የተባለው ቻናላቸው ግን ቀጠለ። ለአዲስ ራፐሮች መተዋወቂያ መድረክ ሆኖም ብዙ ዓመት ሠራ። ዚዶ በዚያው ዓመት ያወጣውን አልበም «አግሮ በርሊን» ብሎ ሰየመው።

ከእነሱ በኋላ ጭምብል ያደረገ አለ?

ብዙ አለ፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። የሽቱትጋርቱ ክሮ በ2011 በፓንዳ ጭምብል መጣ። የእሱ ሙዚቃ ፈታ ያለ ፖፕ ነው፤ የ2012 አልበሙ 1ኛ ወጣ። እሱ ጭምብሉን የሚያደርገው በሰላም መንገድ ላይ ለመሄድ ነው፤ ማስፈራራት አይፈልግም። የዛርብሩከኖቹ ጌኔቲክ በ2013 ፊታቸውን ሸፍነው 1ኛ ደረጃ ላይ ወጡ። የእነሱ ከሁሉም ይበልጥ ለአንደርግራውንዱ መንፈስ ይቀርባል፤ ምስጢራዊነቱን የምር ይዘውታል። ከሮስቶክ የመጡት ዌቪንግ ዘ ገንስ ደግሞ ፊት መሸፈኑን ከግራ ፖለቲካ ጋር አያይዘውታል።

አሁን ያሉት ወጣቶች የሚያውቁት ስኪ አጉን ነው። የበረዶ ሸርተቴ መነጽር ነው የሚያደርገው። በ2023 ከሆላንዳዊው ዮስትና ከአንጋፋው ኮሜዲያን ኦቶ ጋር የሠራው ዘፈን 1ኛ ሆነ። ምስሉ ያው የዚዶ ዘዴ ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ትንሽ ሆኖ ሲታይም ይለያል። ፍርሃቱ ግን የለበትም። ይህ ይሻላል ወይስ ያ የሚለውን ለጆሯችሁ እተዋለሁ፤ የእኔ ጆሮ ከጌኔቲክ ጋር ነው።

ጀርመን ውስጥ ፊት መሸፈን ሕግ አይከለክልም?

መድረክ ላይ አይከለክልም። ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ግን ማንነት እንዳይታወቅ ፊት መሸፈን ከ1985 ጀምሮ ክልክል ነው። መኪና ሲነዳም ከ2017 ጀምሮ ፊትን እንዳይለይ አድርጎ መሸፈን አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ ራፐር በጭምብል ኮንሰርት መሥራት ይችላል፤ በዚያው ጭምብል መኪና እየነዳ ወደ ቤቱ መሄድ ግን ያስቀጣዋል። ክሊፕ መንገድ ላይ የሚቀርጹ ልጆች ይህን ይወቁት።

ልጄ ይህን ይሰማል። ልከልክለው?

ጀርመን ያላችሁ ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ይህንን ነው። መከልከሉ አይሠራም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የትኛውን እንደሚሰማ እወቁ። የአሁኑ ዚዶና የ2002ቱ ዚዶ አንድ አይደሉም። ቀደም ካሉት ሥራዎች ውስጥ ርዕሱን እዚህ ለመጻፍ የሚከብደኝ አለ። ሴትን እንደ ዕቃ የሚያወራ ብዙ ነው፤ ዘመኑ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። ግጥሙን ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ቀላል ነው። ጀርመንኛው ካስቸገራችሁ ልጃችሁ ራሱ ይተርጉምላችሁ። ለእናቱ በአማርኛ ለመተርጎም የሚያፍርበት መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለምን እንደቆመ ጠይቁት፤ ከዚያ አብራችሁ «ሃይ ዱ»ን ስሙ።